ከታይዋን ገበያ የገዛሁት የፍሊፕ ዊልሰን ዲቪዲ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ፣ ያገለገሉ ካሴቶችና ዲቪዲዎች ከሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ፣ የጥቁር አሜሪካዊውን ኮሜዲያን የፍሊፕ ዊልሰንን የቴሌቪዥን ዝግጅት በ600 ብር ገዛሁ። ሻጩ ልጅ «እናቴ፣ ሲጫወት ሳያዩ እንዳይከፍሉ» ብሎ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ከፈተልኝ። አንዱ ተጭሮ ኖሮ ምስሉ ይቆማል፤ እሱን አስቀርቶ 100 ብር መለሰልኝ። እንዲህ ያለውን ነጋዴ እግዚአብሔር ይባርከው።

ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ቴሌቪዥኑን ግቢ አውጥተን፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አየነው። ፍሊፕ እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርሲ ሲቲ የተወለደ፣ ከአሳዳጊ ቤት ወደ አሳዳጊ ቤት ሲንከራተት ያደገ፣ በ16 ዓመቱ ዕድሜውን ጨምሮ አየር ኃይል የገባ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት እንደ እርሱ ጥቁር የሆነው ታላቁ ዘፋኝ ናት ኪንግ ኮል በራሱ ስም ዝግጅት ጀምሮ፣ አገር አቀፍ ስፖንሰር አጥቶ በ1957 አቁሟል። የፍሊፕ ግን ከ1970 እስከ 1974 በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ ቆየ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የዝግጅት ዓመታት በተመልካች ብዛት ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ሁለተኛ ነበር። ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማትም ሁለት ጊዜ አግኝቷል።

ጄራልዲንን ሦስት ጊዜ መልሼ አየኋት። ፍሊፕ ራሱ አጭር ደማቅ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወታት ሴት ናት። ተመልካቹ ከብቦት በተቀመጠው ክብ መድረክ ላይ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፤ አንድ የተከበረ እንግዳ ጠጋ ሲል ትከሻዋን ሰብስባ «እንዳትነካኝ!» ትለዋለች። ወንድ ጓደኛዋ ኪለር አንድም ቀን አይታይም፤ ስሙን ስትጠራ ግን ፊቷ ይበራል። በእኛም አገር፣ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን፣ አባባ ተስፋዬ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። በፍሊፕ ጊዜ ግን የሴት ተዋናይ አልጠፋም። ጄራልዲን ድሃ ብትሆንም ማንንም የማትፈራ ሴት ናት፤ እኔ እንዲህ ያሉ ሴቶችን አሸዋ ገበያ ጉልት ላይ አውቃቸዋለሁ። ለዚህ ነው የወደድኳት።

የአማርኛ ትርጉም የለውም፤ ንግግሩም ፈጣን ስለሆነ ልጄ እያቆመች ታስረዳኝ ነበር። የእንግዶቹ ዘፈን ግን አስተርጓሚ አይሻም፤ አሬታ ፍራንክሊን ስትዘፍን ጎረቤቶቻችን በአጥር ላይ ብቅ አሉ።

ፍሊፕ በ1998 በጉበት ካንሰር አርፏል። የተጫረውን ዲስክ ደህናውን ካገኘ እንዲደውልልኝ ለሻጩ ስልኬን ትቼለታለሁ።