ብሌን ሳይከፍቱ ለማይሸኙን የዓይን ነርሶችና ኦፕቶሜትሪስቶች

በየመንግሥት ሆስፒታሉ የስኳር ታካሚ ሲመጣ «ፊደሉን አንብበዋል፣ ይሂዱ» ብላችሁ የማትሸኙ የዓይን ባለሙያዎች፣ እጃችሁ ይባረክ!

የስኳር ታካሚ የሆናችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ስታገኙ አትልቀቁ። ስኳር የዓይንን መረብ (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አያምም፣ እይታም አይቀንስም። ከ6 ሜትር ላይ የሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር አጥርቶ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ጀርባ ላይ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ይህ በደንብ የሚታየው ብሌኑ በጠብታ ሲሰፋ ነው። ጎበዟን ከዚህ ጠብታ በፊት በምትሠራው ታውቋታላችሁ። ባትሪዋን በጆሮ በኩል ይዛ ወደ አፍንጫ ታበራለች። በአፍንጫ በኩል ጥላ ካጠላ የዓይኑ የፊት ክፍል ጠባብ ነው፤ ጠብታው የዓይን ግፊትን በድንገት ሊያንረው ስለሚችል ሐኪም ሳታማክር አትጨምርም። ጥላ ከሌለ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ አንድ ጠብታ ትጥልና የዓይኑን የውስጥ ጥግ ለደቂቃ ያህል ትጫናለች፣ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። ብሌኑ እስኪሰፋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ቸኩሎ ቀድሞ የገባ ሰው የመረቡ ዳር ሳይታይለት ይወጣል።

ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ወረፋው ረጅም ነው ብሎ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ የሚሄድ ብዙ ነው፤ ስኳሩ እዚያው ወረፋ ላይ ይወርድበታል። ምሳ ቋጥራችሁ፣ ሰው አስከትላችሁ፣ ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። እይታ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ስለሚደበዝዝ መኪና አይነዳም።

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው በታወቀ ጊዜ ወዲያው ይታይ፤ ስኳሩ ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና። ዓይነት 1 ከሆነ በሽታው ከታወቀ በ5 ዓመት ውስጥ ምርመራውን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው፣ ጉዳት ከተገኘ ደግሞ ቀጠሮው ይቀርባል። ስኳር እያለባት ያረገዘች እናት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ትታይ። መነጽር ግን ስኳሩ ከፍ ዝቅ እያለ አይገዛም፤ የዓይን ሌንስ አብሮ ስለሚለዋወጥ ከሳምንታት በኋላ ልኩ አይሆንም።

አዲስ አበባ ምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች የዓይን ሕክምና ክፍል አላቸው። በጤና መድህን የምትታከሙ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ፣ የቅርብ ጊዜ የስኳርና የደም ግፊት ውጤታችሁንም አትርሱ።

በድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ፣ ብልጭታ ከታየ ወይም እንደ መጋረጃ ከጋረደ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።