በፊላዴልፊያ የዊትፊልድን ዱካ የሚከተል የእግር ጉብኝት

ባለፈው ቅዳሜ በፊላዴልፊያ አሮጌው ከተማ፣ «ታላቁ መነቃቃት» ስለሚባለው የ18ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት ንቅናቄ ከአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ጋር የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት አድርጌአለሁ። ስለ እንግሊዛዊው ሰባኪ ስለ ጆርጅ ዊትፊልድ የቀረበው እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ስለ ባርነት ግን መነገር የነበረበት ሳይነገር ቀርቷል።

ከሁሉ የወደድሁት የማርኬትና የሁለተኛ ጎዳና መጋጠሚያ ላይ ያደረግነውን ቆይታ ነው። አስጎብኚያችን ቀድሞ ፍርድ ቤቱ በነበረበት ስፍራ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ እኛ ወደ ወንዙ የኋሊት እንድንራመድ ነገረን። ዊትፊልድ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሲሰብክ፣ በዚያ ዘመን በከተማው አታሚ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ፍሮንት ጎዳና አጠገብ እስኪደርስ ቃሉ ጥርት ብሎ ስለ ተሰማው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ጫማ ቦታ ይበቃዋል ብሎ ቢያሰላ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ሊያዳምጠው እንደሚችል አገኘ። እኔ መንገዱን ሳላጋምስ የአውቶቡሱ ድምፅ የአስጎብኚያችንን ንባብ ዋጠብኝ።

የዊትፊልድ ድምፅ በእንግሊዝ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥም አስጎብኚው በሚገባ አስረድቷል። ምዕመኑ የአጥቢያውን አገልጋይ ትቶ ሜዳ ላይ የሚሰብክ እንግዳ መከተልን፣ አልፎም የገዛ አገልጋዩ በእርግጥ ዳግም ተወልዶ እንደሆነ መጠየቅን ለመደ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1741 እ.ኤ.አ. ለሁለት ተከፈለች፤ የኮኔክቲከት መንግሥት ደግሞ በዓመቱ ተዘዋዋሪ ሰባኪዎችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በአራተኛና በአርች ጎዳና መጋጠሚያ፣ ርዝመቱ 100 ወርዱ 70 ጫማ የሆነ፣ የየትኛውም እምነት ሰባኪ እንዲናገርበት ታስቦ የተሠራ አዳራሽ እንደነበረና በኋላ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ትምህርት ቤት እንደገባበት ስሰማ በጣም ተደነቅሁ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ዊትፊልድ በ1740 የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎችን ጭካኔ በግልጽ ደብዳቤ ወቅሷል፤ ደብዳቤውን ያተመው እዚሁ ከተማ ፍራንክሊን ነበር። ይኸው ሰው ግን በደቡቧ ቅኝ ግዛት በጆርጂያ ውስጥ ባርነት እንዲፈቀድ ተሟግቶ፣ በ1751 ሲፈቀድ ያቋቋመው የሙት ልጆች ማሳደጊያ በባሪያዎች ጉልበት እንዲተዳደር አድርጓል። ይህን ብጠይቅ «ጊዜ የለንም» ተባልሁ። ሌላው ፌርማታ ሁሉ ቢያጥር እንኳ ደብዳቤው በታተመባት በዚህች ከተማ ለዚህ ጉዳይ አሥር ደቂቃ እንዲሰጠው ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቻለሁ።