ጽድ ወይስ ባሕር ዛፍ?

ከደብረ ብርሃን ዳር አዲስ ግቢ ያጠረ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚተክለው ባሕር ዛፍ ነው። አይፈረድበትም፤ ቶሎ አድጎ ምሰሶና ማገር ይሆናል፣ ቢቆረጥም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለውን የከተማዋን ብርድም ይችላል። ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን እንግዳ ነው የሚለው ማን አለ?

የሐበሻ ጽድ አገሩ እዚሁ ነው። በወፍ ዋሻ ደን ከዝግባ፣ ከወይራና ከኮሶ ጋር፣ በየደብሩ ቅጥር ደግሞ ከመቃብሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ። ሲያድግ ያዘግማል፤ የተከለው አባት የሚቆርጠው ልጅ ነው። እንጨቱን ግን ምስጥ አይደፍረውም፣ ለአጥር ችካል ወደር የለውም። ፍሬውን ወፎች ለቅመው ዘሩን ይበትኑታል፤ ጠዋት ጠዋት ጫጫታቸው ያስነሳል፣ እኔስ አልጠላውም። ከባሕር ዛፍ ሥር የሚወድቀው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ዛፉም ውኃ ይሻማልና ሣር እምብዛም አይበቅልበትም። ንብ ግን አበባውን ትወዳለች።

እኔ ብሆን ጽዱን በር ላይ እተክላለሁ፤ ባሕር ዛፉን ደግሞ ከጉድጓዱና ከጎመኑ መደብ አርቄ፣ ጓሮ ጥግ።