ሐዋሳ አሞራ ገደል፦ ወፍ ለሚያነሳ ሰው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ስለ ሽታው ልናገር። ይሸታል። ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ የሚገፈፍበት፣ አንጀቱ የሚወረወርበት ቦታ ነውና ሌላ አይጠበቅም። አፍንጫችሁ ስስ ከሆነ ሩብ ሰዓት ታገሱ፤ ከዚያ በኋላ ይረሳል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው አሞራ ገደል የሚሄደው ዓሣ ሊበላ ነው። እኔ የምሄደው ወፍ ላነሳ ነው። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ለአራተኛ ጊዜ ሄጄ ሁለት ጠዋት ቆየሁ። ስለ ጥብሱ የሚጽፍ ሞልቷል። ካሜራ አንጠልጥሎ ለሚሄድ ሰው ግን ማንም ምንም ሲል አላየሁም።

ካሜራዬ የሚያኮራ አይደለም። ሌንሱ የማይፈታ፣ ሩቅ የሚያጎላ፣ ሰከንድ ሃንድ የገዛሁት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ፀሐይ ሲኖር ጎበዝ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ በቃ፣ አለቀ። ፎቶ የጀመርኩት ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ፣ ከዲሹ ሥር ጎጆ በሠራች ዋኔ ነው። እሷ ዝም ብላ ትቀመጥልኝ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ እንጦጦ ወጣሁ። ሙሉ ጠዋት ለፍቼ ይዤ የመጣሁት ቅርንጫፍ ነው። ወፏ ከአንድ ሰከንድ በፊት የነበረችበት ቅርንጫፍ።

አሞራ ገደል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወፉ በጣም ቀርቦ ካሜራው ውስጥ አልገባ ይላል።

በመጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ላይ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ዓሣ ከሚገፉት ልጆች ጀርባ አሥራ አምስት ሃያ ሆነው ይቆማሉ። ጥቁር ካፖርት፣ መላጣ ራስ፣ የተኮሳተረ ፊት። ቀበሌ መታወቂያ ሊያሳድሱ ተሰልፈው ሲስተሙ የለም የተባሉ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አንጀት ሲወረወር ግን ሽምግልናው ይቀራል። ክንፍ በክንፍ ይሆናሉ። ቀና ብሎ ላያቸው ደግሞ አንገታቸው ላይ ያ ሐምራዊ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ልክ የወታደር ኮዳ። ምግብ የሚያጠራቅምበት ነው ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም፣ ውስጡ አየር ነው።

እግሩን አስተውሉ። እኔ እስከ ሦስተኛው ጉዞዬ ድረስ ነጭ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓሣ የሚገፍ ልጅ ሳቀብኝና «ማዘር፣ ቀለሙ እንዳይመስልሽ፣ ኩሱ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሙቀት ሲበዛበት የገዛ እግሩ ላይ ይለቅበታል። እርጥበቱ ሲተን እግሩን፣ በእግሩ የሚያልፈውንም ደም ያቀዘቅዝለታል። እኛ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በእርጥብ ጨርቅ እንደምናብሰው መሆኑ ነው። ፎቶውን ካሜራው ላይ አጉልቼ ሳየው፣ የደረቀው ነጭ እንደ አሮጌ ኖራ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ መሃል ጥቁር ቆዳ ብቅ ይላል። ከሁለት ሜትር ነው ያነሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ሜትር የሚያሳያችሁ ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ወፉም ፊቱ ይበራል። ማታ ግን ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስለምትጠልቅ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ለፌስቡክ ያምራል፣ ወፉን ለመለየት ግን አይረባም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረሱ፤ ጀልባዎቹ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያደረውን መረብ ይዘው የሚገቡት ያኔ ነው። ወደ 4 ሰዓት ግድም መሬቱ ሲሞቅ አባ ኮዳዎቹም፣ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቆቹ የውሃ ወፎችም ሞቃቱን አየር ተሳፍረው እየተሽከረከሩ ሽቅብ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አንገታችሁን ነው የምታመሙት።

እኔ የሄድኩ ጊዜ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ገበያው ደርቷል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው። ለፎቶ ግን ጾም ጥሩ ነው። ብዙ ዓሣ ማለት ብዙ አንጀት ነው፣ ብዙ አንጀት ማለት ብዙ ወፍ።

ፔሊካኑ ነጭ፣ አባ ኮዳው ጥቁር መሆኑ ካሜራን ያምታታል። አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ፔሊካኑ እንደታጠበ አንሶላ ላባው ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል። እኔ ለፔሊካን ብርሃኑን አንድ ደረጃ ዝቅ አደርጋለሁ። ዳርቻው ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ደግሞ ሌሎችም አሉ። ራሱ መዶሻ የሚመስል ቡናማ ወፍ ጭቃውን በእግሩ እያንቀጠቀጠ ይለቅማል። ጣቱ ከቁመቱ የሚረዝም የሚመስል ሌላ ወፍ የውሃ ቅጠል ላይ ይራመዳል፤ ጃካና ይሉታል። በዚህ ወቅት የአውሮፓን ብርድ የሸሹም ይገኛሉ። ጅራቷን ለአፍታ የማታሳርፍ ቢጫ ደረት አንዲት ትንሽ ወፍ፣ የዓሣውን ዝንብ እየለቀመች እግሬ ሥር ደርሳ ነበር።

ዛፎቹን አትርሱ። ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ሲያይ፣ ከበላዩ ሾላው ላይ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት ትልቅ ሆርንቢል ተቀምጦ ፍሬ ይለቅማል። ሲበር ክንፉ እንደ ባቡር ይጮኻል። ጉሬዛም አለ። ጦጣዎቹ ግን ሌቦች ናቸው፤ የሌንስ ክዳኔን የወሰደችው ጦጣ እስካሁን አልመለሰችም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

በመጀመሪያው ቀን ሞተር ያለው ጀልባ ተከራየሁ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። የተጠየቅኩት በመጨረሻ ከከፈልኩት እጥፍ ነበር፣ እሱም ወግ ነው፣ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ሌላ ነው። ልጁ ካሜራዬን አየና «ማዘር፣ ላስነሳልሽ?» አለ። ፎቶ ሊያነሳኝ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሞተሩን ሰጠውና ውሃው ላይ ተኝተው በነበሩት ፔሊካኖች መሃል ሰንጥቆ አለፈ። «አንተ ልጅ፣ ተው!» ብዬ ብጮህም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ሃያ የፔሊካን መቀመጫ ይዤ ተመለስኩ። ስቆጣው «ሌላው ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ምናልባት ልክ ነው። ግን ያ ወፍ ጠዋት የለፋበትን ጉልበት ለእኛ ፎቶ ብሎ ይከስራል፣ ፎቶውም አይረባም። ጀልባ ላይ ለዚህ ነው ነጥብ የምቀንሰው። ውሃ ላይ የሚወሰድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ወፉን እንዳታስነሳብኝ» ብሎ ይዋዋል።

በማግስቱ ሞተር የሌለው ጀልባ ያለው፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው አገኘሁ። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ደንገሉ ዳር ወሰዱኝና መቅዘፋቸውን አቆሙ። ንፋሱ ብቻ ይገፋናል። እዚያ ነው ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ያገኘሁት። አየር ላይ አንድ ቦታ ይቆማል። ክንፉ ይርገበገባል፣ ጅራቱ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ራሱ ግን በሚስማር የተመታ ይመስል አይነቃነቅም። ከዚያ ይወረወራል። ጧ! ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶውን ወጣ። በአራተኛው ጣት የምታህል ዓሣ ይዞ ወጣና እየበረረ ዋጣት። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው። ሴቷ ያላት አንድ ነው፣ እሱም መሃል ላይ የተቆረጠ። የእኔው ወንድ ነበር። የካሜራውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጌ አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ፣ ሦስቱ ወጡልኝ። ለእኔ ካሜራ ሦስት ማለት ሎተሪ ነው። ሰውየው ስክሪኑን አይተው «ይሄን ሌባ በየቀኑ ነው የማየው፣ እንዲህ ማማሩን አላውቅም ነበር» አሉኝ።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ሲገባ የሚከፈለው አያሳስብም። ጫማችሁ የሚያንሸራትት ከሆነ የዓሣ ቅርፊቱ ላይ ትወድቃላችሁ፤ ካሜራችሁ ቀድሞ ይወድቃል። ዓሣ አስጋሪዎቹን ሳታስፈቅዱ አታንሱ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ጥብሱ ጥሩ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አዝዤ ከዳጣ ጋር ቀረበልኝ፣ ጠግቤ ተነሳሁ። ጥሬውንም የሚበሉ አሉ፤ እኔ በሙያዬ ምክንያት ዝም ብዬ አያለሁ።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ለወፍ ብቻ አይነዳም የሚል ካለ፣ መንገድ ላይ ዝዋይ አለች። የሐይቁ ወደብ ላይ ፔሊካንም አባ ኮዳም በቅርብ ይገኛል፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። ጥላና ዛፍ፣ ሆርንቢልና ጉሬዛ ግን ሐዋሳ ይበልጣል። ለጀማሪ፣ በተለይ ካሜራው እንደኔ አቅመ ቢስ ለሆነበት፣ አሞራ ገደልን ከ10 ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። አንዱን የወሰደው ሞተሩ ነው።

ልወጣ ስል ያ ስለ ኩሱ የነገረኝ ልጅ መጣና ፎቶ አሳይኝ አለኝ። የአባ ኮዳውን እግር፣ ያንን የምኮራበትን፣ ከፈትኩለት። አንዴ ብቻ አየና «እሱን አውቀዋለሁ፣ ክር ጣቱን የቆረጠው ነው» አለ። የዓሣ መንጠቆ ክር ማለቱ ነው። አጉልቼ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን እግር ሳነሳ ውያለሁ። የግራው መካከለኛ ጣት የለም።