ካርቡሬተር ሳይፈቱ በሽታውን ላገኙልን ጋሼ ምስጋና፤ አሮጌ ፒካፕ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) አሮጌ ፒካፕ ኖሯችሁ ዳገት ላይ እየደከመ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ አካባቢ አንድ መካኒክ አሉ። እኔና ወንድሜ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። እንዴት እንደምታገኟቸው ታች እነግራችኋለሁ።

መኪናችን ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 22አር ሞተር፣ 2.4 ሊትር። እንጀራችን ናት። የቤት ዕቃ ነው የምንሠራው፤ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ደንበኛ ቤት የሚደርሰው በሷ ነው። እሷ ከቆመች እኛም ቆምን ማለት ነው።

ሜዳ ላይ ምንም የለባትም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጣት ሞተሯ እየሠራ ስትቆምም ድምጿ አይቀየርም። ዕቃ ጭነን ከፖስታ ቤት በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስንወጣ ግን ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ቤንዚን ብትሰጣት ምላሽ የለም። ትንገጫገጫለች፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ከኋላ ክላክሱ ይቀልጣል። ዳር ይዘን ትንሽ ጠብቀን ስናስነሳት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች። ጭነት ይዞ ዳገት መሃል ላይ የቆመ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል።

ቀደም ብለው ያዩልን ባለሙያዎች ሁሉ እጃቸው ቀጥታ የሚሄደው ካርቡሬተሩ ላይ ነበር። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ውስጡ ተቀየረ። ፊልትሮ ተቀየረ። ከታንከር ቤንዚን የሚስበው ፓምፕም በአዲስ ተተካ። መስመሩ በኮምፕሬሰር ተነፋ። ገንዘባችን ወጣ፣ መኪናዋ ዳገቱን አልወጣችም።

ጋሼ ኮፈኑን እንኳ ከመክፈታቸው በፊት ነው ጥያቄ የጀመሩት።

«ስትጠፋ ድርግም ብላ ነው ወይስ እየደከመች?»

«እየደከመች ነው ጋሼ።»

«ድርግም ብትል ኖሮ ብልጭታ የሚሰጡትን ቦቢናና ፑንቲና ነበር የማየው። እየደከመች ከሆነ ቤንዚን አጥታ ነው። ጠዋት በብርዱስ?»

«በብርዱም ያው ናት።»

«እንግዲያው ሙቀትም አይደለም። በል ልጄ፣ ነገ በጠዋት እንደምትጭኑት አድርጋችሁ ጭናችሁ ኑ። ባዶዋን ምን አያለሁ?»

የሙቀቱ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ነው። ቤንዚንም እንደዚያው ቶሎ ይተናል። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ከሆነ ፓምፑ እንፋሎቱን ይዞ ይቀራል፤ ቤንዚን አይልክም። አንዳንድ ሹፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የኛዋ ግን ገና ሳትሞቅም ስለምትጠፋ ያ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ወደቀ።

በማግስቱ ጭነን ሄድን። መሪውን ራሳቸው ያዙ። ዳገቱ ላይ እንደ ልማዷ ደከመች። ስትጠፋ ወዲያው ዳር ይዘው ወረዱና መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፈቱ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ክዳኑ አየር የማያስገባ ቢሆን ኖሮ ታንከሩ ውስጥ ባዶ ግፊት ተፈጥሮ፣ ሲከፈት «ፍስስ» ይል ነበር። ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ኮፈኑ ተከፈተ።

ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለች። እኔ ከዚያ በፊት ልብ ብያት አላውቅም፤ ዘይትና አቧራ ሸፍኗታል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና የእጅ ባትሪ አበሩባት። ጤነኛ ቢሆን የቤንዚኑ ልክ መስታወቷ መሃል ላይ መታየት ነበረበት። የኛ ታች ወርዷል፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን እርጥበት ብቻ ነው ያለው።

«አየህ» አሉኝ፣ «ካርቡሬተሩ ምን አጠፋ? ያልሰጡትን ከየት ያምጣ?»

አንድ ካንዴላም (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈተው አሳዩኝ። ነጣ ብሏል። እዚህ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። የኛው መንጣቱ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። ቤንዚን አንሷታል።

ጋራዥ ስንመለስ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን ገመድ አላቀቁ። ረዳታቸው ሞተሩን በሞቶሪኖ (በማስነሻው) ሲያዞረው ቤንዚኑ እየተቆራረጠ፣ ግን በደህና ፈሰሰ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ፓምፑ ደህና ነው፣ ካርቡሬተሩን እንፍታው» ይል ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩ በሞቶሪኖ ሲዞርና ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚፈልገው ቤንዚን እኩል አይደለም አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው ጉዳዩን የጨረሰው። ከታንከር የሚመጣውን መስመር ከፓምፑ ነቀሉና ፓምፑን ከትንሽ ጀሪካን ጋር አገናኙት። ጀሪካኑ ከጭስ ማውጫው ርቆ በደንብ ታሰረ፤ ረዳታቸው እሳት ማጥፊያ ይዞ ጋቢና ገባ። (ይህን እባካችሁ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ቤንዚን ነው።) በዚያው ጭነት ያንኑ ዳገት ስንወጣ አንዴም አላሳለችም። ማዘጋጃ ቤት ድረስ ቀጥ ብላ ወጣች። ወንድሜ ደስታውን መያዝ አቅቶት ዳሽቦርዱን ይደበድብ ነበር።

ስለዚህ ካርቡሬተሩም ፓምፑም ነፃ ወጡ። በሽታው ከፓምፑ ወደ ኋላ ነው።

እዚህ ላይ ያስረዱኝን ላካፍላችሁ። የኛዋ ላይ ፓምፑ ከፊት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ተቀምጦ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ነው የሚሠራው። ታንከሩ ከኋላ ነው። ከታንከር እስከ ፓምፕ ያለው መስመር በሙሉ የሚሠራው ታዲያ በመምጠጥ ነው። ኢንጀክሽን (ካርቡሬተር የሌለው፣ ቤንዚን የሚረጭ) መኪና ላይ ግን ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ይገፋል። የሚገፋ መስመር ሲሰነጠቅ ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ ይሸታል፣ ይታያል። የሚመጥ መስመር ሲሰነጠቅ ግን አየር ይስባል እንጂ እየሠራ እያለ ጠብታ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «የሚያፈስ ነገር የለም» ማለት መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

መኪናዋ ሥር ገቡና ከታንከሩ መውጫ ላይ ያለችውን አጭር የጎማ ቱቦ ይዘው ወጡ። ከውጭ ስታዩአት ስንጥቅ የላትም። ብትነፏት አየር ያልፋል። ጋሼ በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቋትና እንደ መጽሐፍ ገልጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የውስጠኛው ሽፋን ከውጭኛው ጎማ ተላቅቋል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተይዞ ምላስ የምታህል ቁራጭ ተንጠልጥላለች። በጣት ስትነኳት ልፍስፍስ ያለች ናት። ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ሲፈልግ ፓምፑ አጥብቆ ይስባል፤ ያቺ ቁራጭ ተስባ መንገዱን ትዘጋለች። መኪናዋ ስትጠፋ መምጠጡ ይቆማል፣ ቁራጯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ መንገዱ ይከፈታል። በኮምፕሬሰር የነፉት ሰዎች ምንም ያላገኙትም ለዚሁ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ስትነፋ ቁራጯ ወደ ጎን ትለጠፋለች፣ አየሩ እንደ ልቡ ያልፋል።

አሮጌ ጎማ ከዕድሜ ብዛት እንዲህ ይሆናል። በኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ ኢታኖል መቀላቀል መጀመሩን ታስታውሱ ይሆናል፤ ኢታኖል ደግሞ ለዚያ ያልተሠሩ የድሮ ጎማዎችን ያሳብጣል። መኪናችሁ የኛን ያህል ዕድሜ ካላት የጎማ ቱቦዎቿን አንድ ሳታስቀሩ በነዳጅ ቱቦ ቀይሯቸው። የውሃ ቱቦ እንዳታስገቡ።

ጋሼ ሁሉንም የጎማ ክፍሎች ቀየሩልን። ቱቦውን ረዳታቸው ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ደረሰኙን ከመልሱ ጋር አስረከበን። ቀደም ብሎ የተቀየረውን አሮጌ ፓምፕ አምጡ አሉና የመግቢያውን ቀዳዳ በጣታቸው ደፍነው ክንዱን በእጅ ጫን ለቀቅ አደረጉት። የኔንም ጣት አስቀመጡበት፤ ሲስብ ይሰማል። «ይሄ ገና ይሠራል፣ መጠባበቂያ አድርገው» አሉኝ። የጠየቁን የእጅ ዋጋ ለዚያ አላስፈላጊ ፓምፕ ካወጣነው ያንሳል። ጨምረን ልንሰጣቸው ብንለምንም እምቢ አሉ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ባለሙያ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። መሃል ከተማው ውስጥ ብዙ የድሮ ሰፈር ተነስቷል፤ የምናውቃቸው ትናንሽ ጋራዦችም የት እንደሄዱ ያጣናቸው አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ደግሞ ገና ይሠራሉ፤ ስንቱ ቤተሰብ በነሱ ይኖራል። ካርቡሬተር በጆሮና በዓይን የሚያነብ ሰው ሳለልን ሥራ እንውሰድለት፤ ልጆችም አጠገቡ ይማሩ። የጋሼ ረዳት ገና ወጣት ነው፤ እያንዳንዱን ፈተና ለምን እንደሚሠራ እየጠየቁት ነው የሚያሠሩት። ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል።

አድራሻው እንዲህ ነው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ጎሚስታዎቹን ጠይቁ፤ «ካርቡሬተር የሚሠሩት ሽማግሌ» ካላችሁ ያሳዩአችኋል። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋ አለ። እሑድ ዝግ ነው። ኢንጀክሽን አይነኩም፤ በግልጽ ይነግሯችኋል። መኪናችሁ የምትጠፋው ጭነት ላይ ከሆነ ጭናችሁ ሂዱ፣ ታንከሩም ባዶ አይሁን። የቀየራችሁትን አሮጌ ዕቃ አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ረዳትዎንም እግዜር ያሳድግልዎ።