ብርድ የመታው ዴስክቶፕ፦ 11 ወር ከስላሽ ኮምፒውተር ጋር፣ ከደሴ

አምና መጋቢት ላይ ለቤት የሚሆን ስላሽ ዴስክቶፕ በ14,000 ብር ገዛሁ። ኮር አይ 5፣ አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፤ ውጭ አገር አንድ ቢሮ ሲሠራበት ኖሮ በጡረታ ያሰናበተው ዓይነት ጠፍጣፋ ኬዝ። የማሽኑንም የሱቁንም ስም አልጠራም፤ የገጠመኝ ነገር በዚያ ዕድሜ ያለ የትኛውንም ማሽን ሊገጥም ይችላል። እኔ የፈተና ወረቀት አዘጋጅበታለሁ፣ ልጄ የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ታጠናበታለች።

ከተነሳ በኋላ አስቀይሞኝ አያውቅም። ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮ፣ ሁሉንም ይችላል። ጣጣው መነሳቱ ላይ ነው። በ11 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎኛል፤ ሦስቱም ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ሌላ ነበር፤ ሦስቱም ጊዜ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሰኔ ላይ ነው። የመብራቱን አካሄድና አመጣጥ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ድንገት ሲመለስ ዕቃ ያቃጥልብኛል ብዬ ማታ ማታ ማከፋፈያውን ከግድግዳው እነቅላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ሰዓቱ አልተስተካከለም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን የሚል ጽሑፍ መጣ። ተጫንኩ፣ ገባ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ እየተጫንኩ ኖርኩ። ልጄ ናት ቀኑን ያየችው፦ «አባ፣ ጃንዋሪ 2013 ይላል፤ በኛ ነው በፈረንጅ?» በፈረንጅ ነበር። ኢንተርኔት ስንከፍት ገጾቹ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ የሚመልሱንም ለዚሁ ኖሯል፤ የገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት የተሰጠው በ2025 ነው፣ የእኛ ማሽን ደግሞ ገና 12 ዓመት ይቀረዋል።

ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፦ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ»። ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው። ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ ኬዙን እንኳ ሳይከፍት ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው አለ። የልጄ ኖት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አቅፌው ተመለስኩ።

ትምህርት ቤታችን አይሲቲ የሚያስተምር ባልደረባዬ ቡና ሊጠጣ መጥቶ አየው። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገባና ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ የሚወስነው ሳታ የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ዊንዶውሱ የተጫነው ዲስኩ ኤኤችሲአይ በሚባለው መንገድ ሲሠራ ነው፤ አሁን ግን ሬይድ የሚባለው ሌላ መንገድ ላይ ነው። መለሰው፣ ማሽኑ ተነሳ፣ አንድ ፋይል አልጠፋም። ማን ቀየረው? ማንም። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስለሞተች ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ተመልሷል። ያባባስኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቢዘጋም እንኳ፣ ሰዓቱን የሚይዘው ከመብራቱ በሚያገኘው ኃይል ነው። ሲነቀል ሸክሙ በሙሉ እዚያች ባትሪ ላይ ይወድቃል።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። ቁጥሩ ልኳ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ ጉልበቷ 3 ቮልት። ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ጋ አገኘኋት፤ ዋጋዋ ከማኪያቶ ብዙም አይርቅም። ስላሽ የምትገዙ ሰዎች በገዛችሁ ቀን ቀይሯት።

ሁለተኛው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡና ጉሙ ቤት ውስጥ ሳይቀር በገባበት ሰሞን ነው። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጨለማ፤ ማሽኑ ደግሞ ረዘም ረዘም እያደረገ ይጮኻል። ጩኸቱ በየማሽኑ ትርጉሙ ይለያያል፤ የእኛው ራም ነው የሚለው፤ ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ። ይህን ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ገመዱን ከሶኬት ትነቅላላችሁ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ የተረፈው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት በእጅ መንካት አይረሳ፤ ከልብስ የሚመጣው ንዝረት ራም ይገድላል። የራሙን ሁለት ጫፍ የያዙትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ስትገፏቸው ካርዱ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ቀጭን ጥላሸት የመሰለ ነገር ነበር። የልጄን ነጭ ላጲስ ወስጄ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያልኩ አሸሁት፣ ብናኙን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። ሲመለስ ጥርሱ መሐል ያለችው ክፍተት ከቦታዋ ጋር መግጠም አለባት፤ መቆለፊያዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው እስኪዘጉ መጫን ነው። እኔ ፈርቼ ለስለስ አድርጌ ስለተጫንኩት መጀመሪያ አልሠራም፤ ደግሜ ጠበቅ ሳደርገው ተነሳ። ሁለት ራም ካላችሁ አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ጥፋተኛውን መለየት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ነው ወር ሙሉ ያንከራተተኝ። ኅዳር ገባ፣ ውርጭ ሆነ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን ስጫን መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ማራገቢያው ሩብ ዙር ዞሮ ይቆማል። ደግሜ፣ ደጋግሜ፤ ምንም። 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ቤቱ ለዘብ ሲል አንዴ ብነካው ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። በማግስቱ ጠዋት ያው።

እናቴ በረካውን እየቀዳች አየችኝና «ብርድ መቶት ነው፣ ጋቢ ጣሉበት» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ፈተሽኩ፣ ይሠራል። ገመዱን ቀየርኩ። ራሙን አወጣሁ፣ መለስኩ። ባትሪዋ አዲስ ናት። በመጨረሻ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ጥሩ ነው የሚባል ጠጋኝ ጋ አደረስኩት። ገና ሲነካው ተነሳ። አጥፍቶ ከፈተው፣ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ምንም የለውም!» አለኝ። ያፈርኩት ማፈር! ደሴ መልሼ በማግስቱ ጠዋት ሞከርኩት፤ ሩብ ዙር።

ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ዛሬ ማታ ማድቤት፣ ምድጃው አካባቢ አሳድረውና ጠዋት እዚያው ክፈተው» አለኝ። አሳደርኩት፤ አንዴ ስነካው ተነሳ። «አብሽር ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለኝ፤ የሶኬቱን መብራት ለማሽኑ በሚስማማው ልክ ቀይሮ የሚያድለው ሳጥን ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ጣሳ የመሰሉ ነገሮች አሉ፤ ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ለዓመታት ሲግሉ ፈሳሹ እየደረቀ ይሄዳል፣ የቀረው ደግሞ በብርድ ይሰንፋል። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ የሚፈልገውን የመጀመሪያ ጉልበት መስጠት ያቅታቸዋል፤ ሞቅ ሲላቸው ይችላሉ። ደሴ ጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 20 ከምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በሽተኛውን ቆላ አውርጄ ነው «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ስል የከረምኩት። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

የኮምቦልቻው ጠጋኝ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ አሳየኝ፤ ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት የሁለቱ ካፓሲተር አናት እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። እናንተ ግን ይህን ሳጥን እቤት እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ጠፍጣፋ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘውን ፓወር ሰፕላይ አይቀበሉም፤ ቅርጹም መሰኪያውም የራሳቸው ነው። የዚያው ዓይነት ከሆነ ሌላ የሞተ ማሽን ላይ እስኪፈታልኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሻጩ ስለ ራሙና ስለ ዲስኩ ብዙ ነግሮኝ ነበር፣ ይህን ግን አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ብገዛ ቆመው የሚቀመጡትን ትልልቅ ኬዞች ነበር የምመርጠው፣ ጠረጴዛዬን ቢያጣብቡም።

አሁን የካቲት ነው፤ ከተቀየረ ወዲህ በየጠዋቱ በአንድ ንክኪ ይነሳል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስም (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ገዝቻለሁ፤ መብራት ሲሄድ ጽሑፌን ሴቭ አድርጌ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠኛል፣ ማታም መንቀሉን ትቻለሁ። ዊንዶውሱ እስኪገባ አሁንም ረዥም ነው፣ ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ልቀይረው አስቤያለሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በኛ ጥቅምት 2018 ላይ አቁሟል፣ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ የለም፤ ያንን ገና እያሰብኩበት ነው።

እናቴ ማታ ማታ አሮጌ ነጠላ ታለብሰዋለች። ለአቧራው ደግ ነው ብዬ አልከለከልኳትም። ለልጄ ግን አደራ ብያታለሁ፤ ጠዋት ነጠላው ሳይነሳ እንዳትከፍተው፣ የአየር ማስወጫውን ይዘጋዋል።