ራውተር ላይ በስክሪፕት መግባት፦ ኤክስፔክት ወይስ ኔትሚኮ?

ሃምሳ ራውተር ላይ አንድ በአንድ እየገቡ ያንኑ ትእዛዝ መጻፍ እጅ እጅ ይላል። ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹን በራሱ የሚልክ አጭር ፕሮግራም፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለመጻፍ ከሚረዱት መሣሪያዎች ሁለቱ ኤክስፔክትና ኔትሚኮ ናቸው።

ኤክስፔክት አንጋፋው ነው። ዶን ሊብስ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የሠራው፤ ስክሪፕቱ የሚጻፍበት ቋንቋ ቲሲኤል ይባላል። ልክ እንደ ሰው ነው የሚሠራው፦ «ፓስወርድ» የሚል ጽሑፍ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ይጽፋል። ከርቀት የሚገባው በቴልኔት ሆነ ምስጢር በሚጠብቀው በኤስኤስኤች ግድ የለውም። ጣጣው የሚጠበቀው ጽሑፍ ሲቀር ነው። ካልቀየራችሁት 10 ሰከንድ ይታገሣል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ጊዜው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ራሳችሁ ልትጽፉለት ይገባል። እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ራውተሩ ረጅም ውጤት እያሳየ መሃል ላይ «ሞር» (ገና አለ) ብሎ ቆሟል፤ ስክሪፕቴ ደግሞ ትእዛዝ መላኩን ቀጥሏል። መጀመሪያ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ብሎ ገጽ በገጽ መቆሙን ማጥፋት ነበረበት።

ኔትሚኮ የፓይተን ላይብረሪ ነው፤ ማለትም በፓይተን ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ። የመሣሪያውን ዓይነት፣ ለምሳሌ ሲስኮ አይኦኤስ በሚባለው የሲስኮ ሶፍትዌር የሚሠራ መሆኑን፣ ትነግሩታላችሁ። ያንን «ሞር» ራሱ ያጠፋዋል፣ ፕሮምፕቱንም (መሣሪያው ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ ሲሆን የሚያሳየውን ምልክት) ራሱ ይለየዋል። ፓስወርድ ከተሳሳተ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ኤረር ያወጣል። ውጤቱም በቀጥታ ፓይተን ውስጥ ስለሚገባ መተንተኑ ቀላል ነው።

ለአዲስ ሥራ እኔ ያለ ማቅማማት ኔትሚኮን እመርጣለሁ። ኤክስፔክትን የማወጣው ኔትሚኮ የማያውቀው አሮጌ መሣሪያ ሲገጥመኝ ወይም ሰርቨሩ ላይ ላይብረሪ መጫን ሲከለከል ነው። ፓስወርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ ከጻፋችሁት ግን ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል፤ ከዚህ ሁለቱም አያድኗችሁም።